ጭንና ቅልጥም በአንድ ተመን

ዛሬ ጠዋት ጤና ጣቢያ ሄጄ በመስኮቱ በኩል የእድር ካርዴን ሰጠሁ።

የሄድኩት ጉልበቴን ለማሳየት ነበር። ጉልበቴ ከእኔ ቀድሞ ያረጀ፣ ከእኔ የበለጠ የሚያጉረመርም፣ ዝናብ ሊመጣ ሲል ከሬዲዮ ቀድሞ የሚናገር ጉልበት ነው። ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ «አባባ፣ የጤና መድህን መታወቂያዎን ይስጡኝ» አለችኝ። እኔም ወረፋው ሁሉ የሚያየኝ መስሎኝ ትንሽ ጀነን ብዬ፣ ከካፖርቴ የውስጥ ኪስ ካርዴን አውጥቼ በሁለት ጣት ዘረጋሁላት። ተቀበለች፣ አየች፣ ገለበጠች፣ ደግማ አየች። ከዚያ መርዶ እንደሚነግር ሰው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አባባ፣ ይኼ የእድር ነው። ገና ነው እኮ» አለችኝ።

ድምፅዋን ዝቅ ያደረገችው ለእኔ አዝና ነበር። ከኋላዬ ያለው አግዳሚ ወንበር ግን ከዳር እስከ ዳር ጆሮ ነው። ሁሉም ሳቀ። እኔም «ቀደም ብዬ ወረፋ ልያዝ ብዬ ነው» አልኩና አብሬ ሳቅሁ፤ ሌላ ምን ይደረጋል።

የሌላው ሳቅ ሲያልቅ አንድ ሳቅ ብቻ ቀረ፤ ደረቅ፣ ከአፍንጫ የሚወጣ፣ የማውቀው ሳቅ። ከአግዳሚው ጥግ ነጠላዋን ተከናንባ የተቀመጠች አሮጊት ናት።

«የታወቀው» አለችኝ። «ሸንበቆዎቼን ሳትመልስ ወዴት ነው?»

የታወቀው የእኔ ቅጽል ስም ነው። ድሮ መንዝ ውስጥ ልጅ አዋቂው ይጠራኝ ነበር። የሚጠሩኝ አንድ ባንድ አለቁና አሁን የቀረችው እሷ ብቻ ናት፤ ስሙን ያወጣችልኝም እሷው ናት። ስሙ ምስጋና የመሰለው ካለ፣ ነገሩ እንዲህ ነው።

በሃምሳዎቹ መግቢያ፣ በንጉሡ ጊዜ፣ መንዝ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። ከዚያ በፊት የቆሎ ተማሪ ነበርኩ። ቅኔውን ዘርፌ ወደ ትርጓሜ ቤት ተሻገርኩ፤ ትርጓሜውን ሳልጨርስ ደግሞ ደመወዝ የሚባል ነገር መኖሩን ሰማሁና ወጣሁ። ትርጓሜ ቤት እንደሚታወቀው መምህሩ አንዲት ቃል ይዘው «አንድም እንዲህ ነው፣ አንድም እንዲያ ነው» እያሉ ምሥጢሯን ይዘረዝራሉ። እኔም ያችን «አንድም» ወድጃት ነበር። ስሰናበት መምህሬ «ልጄ፣ አንድም ማለትን ተምረሃል፤ የት እንደሚቆም ግን አልተማርክም» አሉኝ። ምርቃት መስሎኝ ጉልበታቸውን ስሜ ሄድኩ።

ጽሕፈት ቤት ከገባሁ ወዲህ አንድ ቀን ከበላይ ደንብ መጣ። ነገሩ የወታደር ሕክምና ነው። ወታደር ከጦሩ ሐኪም ቤት ርቆ ሳለ ቢታመም ወይም ቢሰበር፣ በአካባቢው የሚገኝ የታወቀ ሐኪም ያክመው፤ ለሐኪሙም ድካሙ በተመኑ መሠረት ከመንግሥት ይተካለት ይላል። ከሥሩ ተመኑ ተዘርዝሯል፤ ለእጅ ስብራት ይህን ያህል፣ ለእግር ስብራት ይህን ያህል፣ ለበሽተኛው ቀለብና ማደሪያ በቀን ይህን ያህል። አለቃዬ ወረቀቱን አንድ ጊዜ አይተው «ገበያ ላይ አንብበው» ብለው ሰጡኝ። በዚያ ሳምንት የእህታቸው ልጅ ሰርግ ነበረባቸውና ከደንቡ ይልቅ ያሳሰባቸው የጠላው እህል ነበር።

ዘመሮ ገበያ ወርጄ ድንጋይ ላይ ቆሜ አነበብኩ። ሰሚ ነበረኝ ለማለት ያሳፍረኛል። በግ ሻጩ የበግ ላት ይመዝናል፣ ባና ሻጩ የሱፍ ባናውን ያራግፋል። ሐኪም በሌለበት አገር ለሐኪም የሚከፈለው ተመን ለማን ምኑ ነው? አንድ ሰው ብቻ በትራቸውን ተደግፈው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ወጌሻው ነበሩ።

ወጌሻው በአገሩ እጅግ የታወቁ ሰው ነበሩ። ይህን ቃል አሁንም ስጽፈው እጄ ይሰንፋል። ከግሼ እስከ መርሐቤቴ ቆላ ድረስ የተሰበረ፣ የወለቀ፣ ከበቅሎ የወደቀ ሁሉ ወደ እሳቸው ነው የሚመጣው። ትሕትና የሚባል ነገር ፈጽሞ አልፈጠረባቸውም። «እግዜር ሠራ፣ እኔ ጠገንኩ» ይላሉ። ሲሳሳቱም ይሳሳቱ ነበር፤ ክንዱ እንደ ማጭድ ተቆልምሞ የቀረ አንድ ዲያቆን ሕያው ምስክር ነው። እሱን ሲያዩ «አጥንቱ እንቢተኛ ነው፣ በአባቱ ወጥቶ» ብለው ያልፋሉ።

የእሳቸው ደንብ ከመንግሥቱ ደንብ ያጠረ ነበር። ሲያስሩ ምንም አይቀበሉም። የታሰረው ሲድን በገዛ እግሩ ይመጣል፤ የታሰረበትን ሸንበቆ ይመልሳል፤ «ድኛለሁ» ይላል፤ ከዚያ በግም ይሁን ገብስ አቅሙ የፈቀደውን ደጃፉ ላይ ትቶ ይሄዳል። ሸንበቆው እንዲመለስ የሚጠበቀው በከንቱ አይደለም። የመንዝ ውርጭ ሸንበቆ አያበቅልም። ቆላ ወርዶ፣ ወንዝ ዳር ቆርጦ፣ ሰንጥቆ፣ አለስልሶ ነው የሚመጣው። የእሳቸው ሸንበቆዎች በስንት ሰው አካል ላይ ታስረው ተፈትተው በቅቤ ጠቁረው ነበር። ሸንበቆ ያልመለሰ ሰው የሌላ ሰው እግር ይዞ እንደሄደ ነው የሚቆጠረው።

ግንቦት ላይ፣ መንገድ ከሚሠራበት ቁልቁለት፣ ወታደር የጫነ ካሚዮን ፍሬኑ አልይዝ ብሎት ተገለበጠ። የሞተ የለም። ሦስት ወታደሮች ግን በቃሬዛ ወደ ወጌሻው ደጃፍ መጡ፤ አንዱ ጭኑ፣ አንዱ ቅልጥሙ፣ አንዱ፣ አሥር አለቃ ነው፣ ክንዱ ተሰብሯል። አዛዣቸው «መኪና እስክልክ እዚህ ይቆዩ» ብሎ ሄደ። ወጌሻው አልነኳቸውም። እኔን አስጠሩ።

ስደርስ በራቸው ላይ ቆመዋል። የሚያዩት ቃሬዛዎቹን አይደለም፣ እኔን ነው። ነገሩ ገብቶኛል፤ የአገሩ ሰው ቢሆን ድኖ ሸንበቆውን ይዞ ይመጣል፣ በጉንም ይነዳል። ወታደር ግን ዛሬ እዚህ ነው፣ ነገ ኦጋዴን ነው። ማን ይመልሳል?

«የኔታ» አሉኝ። የኔታ የሚሉኝ ትርጓሜ ቤት ጥዬ መውጣቴን ስለሚያውቁ ነው። «ያን ቀን ገበያ ላይ ያነበብካትን እስቲ ድገማት።»

ደገምኳት።

«የታወቀ ሐኪም ማነው?»

መልሱ «አላውቅም» ነበር። አምስት ፊደል። ጠይቄ ልምጣ ብል ማንም አይቀየመኝም። እኔ ግን ሦስት ቃሬዛና አንድ መንደር ሰው ቆሞ ሲያየኝ ጊዜ ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

«የታወቀ ሐኪም ሲል» አልኩ፣ ዜማ ሁሉ ሰጥቼው፣ «አንድም በስሙ የታወቀ ነው፤ ከሩቅ ስሙን ጠርተው የሚመጡለት። አንድም በእጁ የታወቀ ነው፤ እጁ ያረፈበት የሚድን።»

አሥር አለቃው ቃሬዛው ላይ እንደተጋደመ «እሰይ፣ እንዲህ ያለ ትርጉም በመድኃኒትም አይገኝ» አለ።

«ማን ያወቀው?» አለች አንዲት ድምፅ ከበሩ ጥግ።

ልጃቸው ናት። ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው። እናቷ ከሞተች ወዲህ አባቷ አጥንት ሲጎትቱ በሽተኛውን ጨምድዳ የምትይዘው እሷ ነበረች፤ በእሷ እጅ ገብቶ የተንፈራገጠ ሰው አልነበረም።

«እንዴት ማን ያወቀው?» አልኳት።

«የታወቀ ይላል አይደል? ማን ያወቀው ማለቴ ነው።»

«አንቺ ልጅ፣ አባትሽን የማያውቅ አለ?»

«እኔማ አውቃቸዋለሁ። የጠየቅሁህ ስለ ከፋዩ ነው።»

ሰዉ ሳቀ። እኔ ሦስተኛውን አንድም ልፈልግ አፌን ስከፍት ወጌሻው «ተዋት፤ እናቷን ናት። እናቷም ስታገባኝ ዋስ ጠርታብኝ ነው» አሉና ወደ ተመኑ ዞሩ። አንድ ባንድ አስነበቡኝ። የእግሩ ላይ ስደርስ እጃቸውን አነሱ።

«ቆይ። ጭንና ቅልጥም አንድ ዋጋ ነው?»

«የእግር ስብራት ነው የሚለው። ሁለቱም እግር ናቸው።»

«ይህን የጻፈው ሰውዬ በግ ሲበለት አይቶ አያውቅም። ቅልጥም በጣት ይዳሰሳል። ጭን ሥጋ ለብሶ፣ ጅማቱ ተሸምቆ፣ ሁለት ጎረምሳ ጎትቶት አይዘልቀውም። አንድ ዋጋ!» ወደ መጀመሪያው ቃሬዛ ጎንበስ አሉ። «አንተ፣ ጭን ነህ ቅልጥም?»

«ጭን ነኝ፣ ጌታዬ።»

«እንግዲያስ ከስሬብሃለሁ። አስገቡት።»

ሦስቱም ገቡ። እኔ ልሄድ ስል ክንዴን ያዙኝ። «የኔታ፣ ገንዘቡ መቼ ነው የሚመጣው?»

«እርሻ ሳይገባ» አልኩ።

ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። ወረቀቱ ላይ የለም። ደግ ነገር መናገር ደስ ስለሚል ብቻ ተናገርኩት።

ሦስት የተሰበረ ወታደር መቀለብ ቀልድ አይደለም። ወጌሻው ደግሞ አጥንት ያለ መረቅ አይገጥምም ባይ ናቸው። ጥማድ በሬ ነበራቸው፤ ከጥማዱ አንዱን ገበያ አወጡት፤ የመንግሥቱ ገንዘብ ሲመጣ የተሻለ ሊገዙ። ያን ዕለት እኔም ገበያው ላይ ነበርኩ። ገዢው ዋጋ ሲሰብርባቸው መሃል ገብቼ «እኒህ ሰው ቸግሯቸው አይደለም የሚሸጡት፤ ከመንግሥት የሚቀበሉት አላቸው» አልኩት። ያገዝኳቸው መስሎኝ። ልጅቱ የበሬውን ገመድ እንደያዘች ዞር ብላ አየችኝና ምንም ሳትል ገመዱን ለገዢው ሰጠች።

የሰኔ ጾም ገባ። ወጌሻው «አጥንት ጾም አያውቅም» ብለው መረቁን ቀጠሉ። በጓሳ ሣር በተከደነች ጎጆ ውስጥ ሦስቱ ወታደሮች ከግድግዳ ተደግፈው ይውላሉ። ጭኑ የተሰበረው ቅልጥሙ የተሰበረውን «አንተ በእኔ ዋጋ ነው የምትታከመው፤ የማትገባህን ክብር ነው ያገኘኸው» ይለዋል። ያኛው «እግር እግር ነው፤ መንግሥት ተናግሯል» ይለዋል። አሥር አለቃው ይዳኛል። ማታ ማታ እኔም እየሄድኩ እስቅ ነበር። ስለ ገንዘቡ ሲጠይቁኝ «በመንገድ ላይ ነው» እላለሁ። ገንዘቡ መንገድ ላይ አልነበረም። እኔም ገና አልተነሣሁም።

ሰኔ አጋማሽ ሲሆን የወጌሻውን ድካም በተመኑ አስልቼ፣ ማኅተም አስመትቼ፣ በበቅሎ ወደ ጦሩ ከፋይ ወረድኩ። ከፋዩ ወፍራም፣ ጨዋ፣ የማይቸኩል ሰው ነው። እስከ መጨረሻው አነበበልኝ።

«ሐኪሙ የታወቀ ነው?» አለኝ።

«በጣም እንጂ። ከግሼ እስከ መርሐቤቴ የማያውቃቸው የለም።»

«የት ነው የታወቀው?»

«በመንዝ፣ በግሼ፣ በ…»

«የለም፤ በየትኛው መዝገብ ነው የታወቀው?»

ያስመታሁትን ማኅተም በጣቴ አሳየሁት።

«ወንድሜ» አለኝ፣ በእውነት እያዘነልኝ፣ «መንዝ በሙሉ ሊያውቀው ይችላል። እናትህም ታውቀው ይሆናል። መዝገቡ ካላወቀው ግን አልታወቀም።» ከዚያ ጓደኛውን ከወዲያኛው ክፍል ጠርቶ «ና፣ የታወቀ ሐኪምን እንዴት አድርጎ እንደተረጎመው ስማ» አለው። ሁለቱም ሳቁ። ክፋት አልነበረውም። እኔም ሌላው ሰው የሠራው ቢሆን እስቅበት ነበር።

ስመለስ ዝናብ ነበር። ወጌሻው ቤት ልደርስ ጥቂት ሲቀረኝ በቅሎዋ ጭቃው ላይ አዳለጣትና ግራ እጄን ዘርግቼ ወደቅሁ፤ ስነሣ ከአንጓዬ በላይ ክንዴ ሌላ ክንድ ሆኗል። የት ልሂድ? ሄድኩባቸው።

ወጌሻው በጨለማ ዳሰሱኝ። «ቀኙ ነው ግራው?»

«ግራው።»

«ተመስገን። መጻፍህ አይቀርብንም።»

ልጅቱ ከኋላዬ ሆና ጨመደደችኝ፤ አባቷ ጎተቱ፤ እኔም በመምህሬ ቤት ያልተማርኩትን ዜማ አዜምኩ። ቅቤ ቀብተው በአራት ሸንበቆ አሰሩኝ። «ታዲያ እንዴት ሆነ?» አላሉኝም። እኔም አልተናገርኩም። ዛሬ ሕመም ነው፣ ነገ እነግራቸዋለሁ አልኩ። በነጋው ዝናብ ነበር፤ በዝናብ እንዲህ ያለ ወሬ አይወራም አልኩ። በማግስቱ አሥር አለቃው ደስ የሚል ተረት ይዞ ነበር። እንዲህ እያልኩ ከወታደሮቹ ጋር ተደርድሬ ግድግዳ ተደግፌ ሰነበትኩ። የመጨረሻዋን በግ ያረዱት ለእኔ ነው። ልጅቱ መረቁን በዋንጫ ይዛ መጣችና «ጠጣ፣ ጸሐፊው። መንግሥት ይከፍላል» አለችኝ። ጠጣሁት። ጣፈጠኝ ደግሞ። ስለ ሌላው ነገር ሁሉ ማሳበቢያ አለኝ፤ ስለመጣፈጡ ግን የለኝም።

በመጨረሻ ደጃፍ ላይ ብቻቸውን ሳገኛቸው ጀመርኩ። «አባቴ፣ ያ ገንዘብ…»

«አውቃለሁ።»

«ማን ነገርዎት?»

«ክንድህ ነዋ። ገንዘብ የያዘ ሰው ሲወድቅ ደረቱን ጨብጦ ይወድቃል፤ ግንባሩ ይፈነከታል እንጂ እጁ አይሰበርም። አንተ ሁለት እጅህን በትነህ ነው የወደቅኸው። ኪስህ ባዶ እንደነበር ያን ማታ ስዳስስህ ነው ያወቅሁት።»

«ታዲያ በጓን ለምን አረዱ?»

«አጥንቱ ምን አጠፋ?»

ከፋዩ ያለኝን ሁሉ ነገርኳቸው፤ የመዝገቡን ጭምር። ልጅቱ ከውስጥ ሆና ሰምታለች። ወጣች፣ ባዶውን ዋንጫ ከእጄ ተቀበለች። ወደ ጎጆው ስገባ ለወታደሮቹ ጮክ ብላ «ጠጋ በሉለት፤ የታወቀው መጣ» አለች። ስሜ ከዚያ ወዲህ ያው ነው።

ወጌሻው በአንድ በሬ ቀሩ። በአንድ በሬ አይታረስም፤ አንድ በሬ ካለው ጎረቤት ጋር ተቀናጁ። ተቀናጅቶ ማረስ ደግሞ ተራ መጠበቅ ነው፤ ጎረቤትየው የራሱን ዘርቶ እስኪያበቃ የእሳቸው ገብስ ዘገየ። በቅሎዬን ላውሳቸው ብል «አንተን መሸከም ያቃታት ሞፈር ልትጎትት?» አሉኝ። ጥቅምት ላይ፣ የሌላው ገብስ እየነጣ ሳለ የእሳቸው ገና እሸት ነበር፤ በአንድ ሌሊት ውርጭ መታው። ሄጄ አየሁት። ቆሟል፤ ከሩቅ ያየው ሰው ማለፊያ ነው ይላል። ዛላውን ስጨብጠው ግን ውስጡ ምንም የለም። ያን ዛላ ይዤ ስቆም ያቺ «እርሻ ሳይገባ» ያልኳት ነገር ጆሮዬ ላይ ደወለች።

በዚያ በጋ ልጅቱ መንገድ ሥራ ገብታ ድንጋይ ተሸከመች። እሷው ናት አባቷን የቀለበቻቸው። ወጌሻው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው አላፊ አግዳሚውን «አያችሁልኝ? ልጄ መንገዱን አስተካክላ ካሚዮን እንዳይገለበጥ፣ እኔም ሥራ እንድፈታ ልታደርገኝ ነው» ይሉታል። ይሥቃሉ። እኔ ወደ ጽሕፈት ቤት የምሄድበት መንገድ በዚያው በኩል ነበርና ዙሪያ ጥምጥም ሄጄ እገባ ጀመር።

ወታደሮቹ መስከረም ላይ መኪና መጥቶ ወስዷቸው ነበር። በዓመቱ አሥር አለቃው ፈቃድ አገኘና ከአርሲ ድረስ ተጉዞ፣ መኪናው ከሚያቆምበት በእግሩ ወጥቶ፣ የሦስታቸውንም ሸንበቆ በጨርቅ ጠቅልሎ ይዞ ደጃፉ ላይ ቆመ። «ድኛለሁ» አለ። «ጭንና ቅልጥምም ድነዋል፤ እስካሁን ግን በዋጋቸው ይጣላሉ።» አንዲት በግ ትቶ ሄደ። ይህን የነገሩኝ ወጌሻው ናቸው። ስለ እኔ ሸንበቆዎች አላነሱም። ወታደር አይመልስም ብለን የፈራነው እኔና እሳቸው ነበርን፤ ወታደሩ መለሰ፤ ጎረቤታቸው ጸሐፊው አልመለሰም።

ያልመለስኩት ሰርቄ አይደለም። አንደኛውን ሸንበቆ ብዕር አድርጌ ቀርጬው ነበር።

እንዲህ ነው የሆነው። ክንዴ በዳነ ሰሞን፣ ሸንበቆዎቹን ይዤ «ድኛለሁ» ለማለት አፍ አጣሁ። ምን ብዬ ነው የምድነው? ይልቅ አቤቱታ ልጻፍላቸው አልኩ። የቤተ ክርስቲያን ልጅ ነኝና ትልቅ ነገር በብረት ብዕር አይጻፍም የሚል ነገር ነበረብኝ፤ ከአራቱ ጥሩውን መርጬ ጫፉን ቀረጽኩት። ቅቤ የጠጣ ሸንበቆ ቀለም አይዝም፤ ስንት ወረቀት አበላሸሁ። ያም ሆኖ ጻፍኩ። የታወቀ ሐኪም የሚለው ቃል ግልጽ ስላልሆነ ሰው እየተጎዳ ነውና ይብራራልን፤ ደግሞም ጭንና ቅልጥም በድካም ስለማይተካከሉ በተመኑ ይለያዩልን። ወደ በላይ ላክሁት።

ከብዙ ጊዜ በኋላ የተሻሻለው ደንብ መጣ። የእኔ አቤቱታ ያመጣው ይሁን ሌላ ሰው የጻፈው አላውቅም፤ ዕድሌን ስለማውቀው ግን እኔ ነኝ እላለሁ። አንብቤ ስጨርስ ቁጭ አልኩ። ከዚያ ዙሪያ ጥምጥሙን ትቼ በቀጥታው መንገድ ወጌሻው ዘንድ ሄድኩ። አርጅተዋል። ልጃቸው የአንድ ሰው ትከሻ እየመለሰች እሳቸው ከመደባቸው ሆነው ይሰድቧታል።

«አባቴ፣ ደንቡ ተሻሻለ።»

«ጭንና ቅልጥም ተለያዩ?»

«ተለያዩ።»

«ማነው የበለጠው?»

«ጭን።»

በትራቸውን መሬቱ ላይ መቱ። «ሰማሽ?» አሏት። «ሰማሁ» አለች፣ ትከሻውን ሳትለቅ። «የታወቀውስ?»

«እሱን አብራርተውታል» አልኩ። «የሐኪምነት ፈቃድ ያለው በሚል ተክተውታል።»

ወጌሻው ወደ እኔ ዞሩ። «አንድም የለውም?» አሉኝ።

«የለውም፣ አባቴ። አንድ ብቻ ነው።»

ድሮ ቃሉ አንዲት የ«አንድም» ቀዳዳ ነበረችው፤ ደግ ከፋይ ቢገኝ፣ ቃሏን የወደደ ሹም ቢገኝ፣ ለሌላው ወጌሻ እንኳ ልትከፈት ትችል ነበር። በእሳቸው ሸንበቆ፣ በእኔ እጅ ጽሑፍ ደፈንኳት። እሳቸው ግን «ይሁን» አሉ። «ጭኔን አስከብረህልኛል።» ያላገጡብኝ እንደሆነም አላውቅም። ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ፤ አንድም አላግጠዋል፣ አንድም ከልባቸው ነው እያልኩ። የት ላይ እንደሚቆም አሁንም አልተማርኩም።

ከዚያ ወደ ዓለም ከተማ ተዛወርኩ፤ መርሐቤቴ። ወደ ወንዙ ወረድ ቢባል ሸንበቆ እንደ ልብ የሚቆረጥበት አገር። ዓመታት ኖርኩበት። ለአንዲት ሸንበቆ ቆላ ወርዶ የሚመለስ ሰው መላክ አቃተኝ፤ ዛሬ ነገ፣ ዝናብ ነው፣ ተረት ይዘን ነው። ወጌሻው ያረፉት እኔ እዚያ ሳለሁ ነው። ለተዝካራቸው ሄድኩ፤ በባዶ እጄ። እጃቸው ለልጃቸው ተላልፎ ነበርና ሕዝቡ ስሟን እየጠራ ይመጣላት ጀመር። መዝገብ አሁንም አላወቃትም። እኔም ጡረታ ስወጣ ወደ መንዝ ተመለስኩ።

ዛሬ ጤና ጣቢያ የመጣችው ለደም ግፊቷ ነው። መታወቂያዋን በትክክል ይዛለች። አጠገቧ ተቀመጥኩና «እሜቴ፣ ጉልበቴን እስቲ እይልኝ» አልኳት። እዚያው አግዳሚው ላይ፣ ነርሶቹ እያዩ፣ ሱሪዬን ሰብስባ በአውራ ጣቷ ተጫነችው። ጮህኩ። ጣቷ አላረጀም።

«ስብራት አይደለም» አለች። «እርጅና ነው። ቢሆንም ደግፌ አስርልህ ነበር፤ ሸንበቆው አጠረኝ። የጎደለው አንተ ጋ ነው።»

«አመጣዋለሁ።»

«መቼ?»

«እርሻ ሳይገባ» አልኳት።

ያች ከአፍንጫዋ የምትወጣ ሳቋ መጣች። ተራዋ ደረሰና ተነሥታ ገባች።

ቤቴ ስደርስ ከአልጋዬ ራስጌ አወረድኳቸው። ጥቁርና ለስላሳ ናቸው፤ ሲያሸቷቸው ዛሬም የቅቤ ነገር አለባቸው። በጨርቅ ጠቅልዬ በሩ ጋ አስቀምጫቸዋለሁ። ሦስት ናቸው። አራተኛው ስቀርጸው፣ ሲደንዝ ስቀርጸው፣ ደግሜ ስቀርጸው ከጣት አንሶ ከቀለም ጠርሙሱ ጋር አንድ ቦታ ጠፍቷል። አንድ ሸንበቆ አለብኝ።